ዕቃ ከመላካችሁ በፊት ኪራዩን ጠይቁ

ውጭ ያላችሁ የጅማ ልጆች፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን «ለሰፈራችን የኪነት ቡድን ምን እንላክ?» የምትሉኝ በዝታችኋል። እኔም አሜሪካ ሳለሁ እንደዛ ነበርኩ። ስንት ወር አጠራቅሜ አምፕሊፋየር ገዝቼ ላኩ። ለጉምሩክ የወጣውን ተዉት። ዕቃው ጅማ ደረሰ፣ ልጆቹ በደስታ ሰኩት፣ ወዲያው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተና አለቀ። የአሜሪካ ዕቃ በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የእኛ ሶኬት 220 ነው። ጀርባው ላይ ተጽፏል እኮ፣ ያላነበብኩት እኔው ነኝ።

አፍሬ ለአስተባባሪው ደወልኩና «ምን ይሻላል?» አልኩት። ትንሽ ዝም ብሎ «ጋሼ፣ ካላስቸገርኩዎት የቤት ኪራይ» አለኝ።

የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። የከበሮው ቆዳ እርጥበት ይጠጣና ድምፁ ይሞታል። ልጆቹ ልምምድ ሳይጀምሩ ከሰል ከበው፣ ከበሮውን እያገላበጡ ያሞቁታል። ጣሪያው ካፈሰሰ ወይም አከራዩ ኪራይ ጨምሮ ካስወጣቸው ግን ከበሮ ማሞቅም የለም፣ ቡድኑ ይበተናል። ሲበተን ደግሞ ጫጫታ የለውም፣ አንድ ቅዳሜ ማንም አይመጣም፣ በቃ።

ከኪራይ ቀጥሎ የአስተማሪ ክፍያ ነው። የጅማን በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍሎ ባለ ሦስት እግር አድርጎ የሚያወጣ ባለሙያ በሳምንት ሁለት ቀን ልጆች እንዲያስተምር ብትከፍሉት፣ ከመቶ ቲሸርት ይበልጣል። (ቲሸርት አትላኩ። በእናታችሁ።) ክራርና ማሲንቆም እዚሁ አገር ይሠራል፣ በአውሮፕላን አይመጣም።

እኛ አምስት ጓደኛሞች እንደ ዕቁብ ነው ያደረግነው። በየወሩ 20፣ 20 ዶላር እንጥላለን፣ ዕጣው ሁልጊዜ ለቡድኑ ይወጣል። እኔ ጅማ ከተመለስኩ በኋላም አልተቋረጠም። በዓመት አንዴ ከሚላክ ጠቀም ያለ ብር ይሄ ይሻላል፣ ምክንያቱም አከራይ የሚጠይቀው በየወሩ ነው።

ወረቀቱን ደግሞ አትርሱ። የምዝገባ ምስክር ወረቀታቸውን ጠይቁ፣ ብሩን በማኅበሩ ስም በተከፈተ፣ ሁለት ሰው በሚፈርምበት ሂሳብ ላኩ። «ለጊዜው በግል አካውንቴ ይግባ» ከተባላችሁ፣ የአክስት ልጅም ቢሆን ቆም በሉ። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። ስለዚህ ሪፖርት መጠየቅ ነውር አይደለም። ግን «ለቢሮ አምስት ሳንቲም እንዳይወጣ» እያላችሁም አታስጨንቋቸው፣ መብራትና ወረቀት በነፃ አይመጣም።

አሜሪካ ያላችሁ፣ በቀጥታ ኢትዮጵያ ላለ ድርጅት የላካችሁት ከታክስ አይቀነስላችሁም። እዛው በተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት በኩል ሲያልፍ ነው የሚታሰበው። እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ግብር ከፋይ ከሆናችሁና እዛ በተመዘገበ በጎ አድራጎት በኩል ከሰጣችሁ፣ በጊፍት ኤይድ በእያንዳንዱ ፓውንድ ላይ 25 ፔንስ ይጨመርበታል። ፎርሟን መሙላት ብቻ ነው።

ለእረፍት ስትመጡ «እየመጣሁ ነው» ብላችሁ ቀድማችሁ አትደውሉ። ከደወላችሁ ልጆቹ ከትምህርት ቀርተው፣ ለብሰው ተሰልፈው ሲያጨበጭቡላችሁ ታገኟቸዋላችሁ። ዝም ብላችሁ በልምምድ ቀን ጎራ በሉ፣ ጥግ ላይ በርጩማ ፈልጋችሁ ተቀመጡ።