የኮራል ገንዳ ለምትሠራው ወንድሜ፦ መጀመሪያ መብራት የሚሄድበትን ሌሊት አስብ

«ፍኖተ ሰላም ነው የምኖረው። 200 ሊትር ገደማ የሚይዝ የባሕር ኮራል ገንዳ በትንሽ ወጪ ቤቴ ልሠራ ነው። ቧንቧውን እንዴት ልዘርጋው?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ ገንዳዬ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። ኮራል፣ ለማያውቀው፣ ባሕር ውስጥ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ ነው። አንተም እንደኔ ተከራይ ነህ፣ የምትኖረውም በደሞዝ ነው ብዬ ልጀምር። ስለ ሳይክል (የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጠፉት ባክቴሪያዎች እስኪራቡ መጠበቅ) እና ስለ አምፖል አልነግርህም፤ እሱን አንብበህ ነው የመጣኸው። ሌላውን በቁጥር ላስቀምጥልህ።

1. ጨው። «የአፋር ጨው ሞልቶ ምን አስጨነቀህ?» የሚልህ አይጠፋም። አያቶቻችን በአሞሌ ተገበያይተውበታል፤ ክብሩ እንደተጠበቀ ነው። ግን እሱ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው፣ ለወጥ ነው። የባሕር ውኃ በሊትር 420 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም፣ 1,300 ሚሊግራም ያህል ማግኒዚየም አለው። ለኮራል ተብሎ የተዘጋጀውን ግዛ። 200 ሊትር ለመሙላት 7 ኪሎ ተኩል ገደማ ይፈጃል።

እኔ ያስመጣሁት በዘመድ በኩል ከዱባይ ነው። ዕቃውን ልወስድ የሄድኩበት ቢሮ፣ ስሙ ይቅር፣ ሦስት ሳምንት አመላለሰኝ። ሰውዬው ባልዲውን ከፍቶ «ምንድን ነው?» አለኝ። ጨው ነው አልኩት። ጓደኞቹን ጠራ። «ኑ እዩ፣ ጨው ከዱባይ የሚያስመጣ ሰው!» ሳቁብኝ። ለዓሣ ነው ስለው ደግሞ «ጣና ሙሉ ቆሮሶ እያለልህ?» አለኝ። ከዚያ ደብዳቤ አምጣ፣ ደብዳቤው ማኅተም የለውም፣ ማኅተሙ ደብዝዟል። ስለዚህ የምትልክልህ ሰው ካለህ ይዘቱን የሚገልጽ ወረቀት ከባልዲው ጋር ይላክልህ። ደረሰኙንም እንዳትረሳ። በነገራችን ላይ ድንጋይ የመሰለ አጽም የሚሠሩት ኮራሎች ዓለም አቀፍ የንግድ ቁጥጥር አለባቸው፤ ያለ ፈቃድ እንዳትነካቸው። እኔ ጥቂት ለስላሳ ኮራሎች፣ ሁለት ክላውን ዓሣና ቀንድ አውጣዎች ብቻ ነው ያሉኝ፤ ይበቁኛል።

2. ውኃ። ክረምት ሲገባ «ዝናቡ በነፃ ነው» ብዬ ከቆርቆሮው ጣሪያ በርሜል ሞላሁ። ቆርቆሮው ዚንክ የተለበጠ መሆኑ ትዝ ያለኝ ቀንድ አውጣዎቼ በጀርባቸው ከተገለበጡ በኋላ ነው። ዓሣዎቹ ምንም አልሆኑም። አከርካሪ የሌለው ፍጥረት ግን ዚንክና መዳብ አይችልም። አር ኦ ማጣሪያ ግዛ፤ ውኃን በጣም በረቀቀ ስስ ሽፋን ውስጥ ገፍቶ የሚያጣራው ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ለማውጣት ሁለት ሦስት ሊትር ይጥላል፤ የሚጥለውን ለልብስ አጠባ አውለው።

3. ቧንቧ። እዚህ ነው ዋናው። ቧንቧ ሠራተኛው «ፕላስቲክ አይቆይም» ብሎ ቢጫውን የናስ ቫልቭ ሊገጥምልህ ይፈልጋል። እሺ እንዳትለው፤ ናስ ውስጥ መዳብ አለ። ሁሉም ፒቪሲ ይሁን። ገንዳ ላይ የሚታሰረውን ባለ ጎማ መጋጠሚያ ከውጭ አታስመጣ፤ ለሮቶ ማውጫ የሚሸጠው ፕላስቲክ እሱው ነው። መስታወቱን ስታስቆርጥ ደግሞ ቴምፐርድ (በሙቀት የተጠናከረ) አለመሆኑን አረጋግጥ፤ እሱ ሲበሳ እንዳለ ይፈረካከሳል።

አሁን ስህተቴን ልንገርህ። የላይኛው ገንዳዬ 100 በ45 በ45 ሴንቲ ነው። ከሥሩ 60 በ35 በ35 የሆነ ሁለተኛ ገንዳ አለ፣ ሳምፕ የሚሉት። ውኃ ከላይ ሞልቶ ወደ ሳምፑ ይወርዳል፣ ፓምፑ ይመልሰዋል። እኔ የመላሹን ቧንቧ አፍ ከውኃው ገጽ 15 ሴንቲ ዝቅ አድርጌ አስገባሁት። ለምን? ሲንፏፏ እንቅልፍ ይነሳኛል ብዬ።

ፓምፑ ሲቆም ያ ቧንቧ ወደ ኋላ ይስባል። ከበርሜል ናፍጣ በጎማ ስበህ ስትቀዳ እንደምታየው ነው፤ አፉ አየር ካላገኘ አያቆምም። ይህን አላውቅም ነበር አልልህም። ውኃ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቼክ ቫልቭ ገጥሜ ነበር። ስድስት ወር ሠራ። ከዚያ ውስጡ እንደ ኖራ ያለ ነገር ጋገረበት፣ ክዳኑም በግማሽ ተከፍቶ ቀረ። ማን ያየዋል?

አንድ ሌሊት 8 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። እኔ ለጥ ብያለሁ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። የላይኛው ገንዳ በእያንዳንዱ ሴንቲ 4 ሊትር ተኩል ይይዛል። በ15 ሴንቲ 67 ሊትር ተኩል ወረደ ማለት ነው። ሳምፑ 10 ሴንቲ ክፍት ቦታ ነበረው፣ ያ 21 ሊትር ነው። የቀረው 46 ሊትር የጨው ውኃ ወዴት ሄደ? ጣውላው ወለል ላይ። ከጣውላው ሥር ደግሞ የአከራዬ የእትዬ እህል ቤት አለ።

ጠዋት በሬ ተደበደበ። «አንተ ልጅ፣ ምንድን ነው ያፈሰስክብኝ?» ይዘውኝ ወረዱ። ከጣሪያው ጠብ ጠብ ይላል። አንድ ኩንታል የአዴት ነጭ ጤፍ ከላይ እስከ ታች ርሷል። ጆንያው ላይ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ዝም ብለው አዩኝ። «ጨው ነው» አሉ። የሽንት ቤት ውኃ ባለመሆኑ ደስ ያላቸው ይመስለኛል። ጤፉን ግን ከፈልኩ።

አላለቀም። መብራት ሲመለስ ፓምፑ በሳምፑ ያገኘውን ሁሉ ወደ ላይ ገፋ። የፈሰሰው ስለጎደለ ሳምፑ ውስጥ የቀረው ሦስት ሴንቲ እንኳ አልሞላም። ፓምፑ አየር እየሳበ በደረቁ ዞረ፣ ተቃጠለ። ይህ ሁሉ የውኃ ድምፅ እንዳልሰማ ብዬ ነው እንግዲህ።

አሁን አፉ የሚገባው 2 ሴንቲ ብቻ ነው። ከውኃው ገጽ አንድ ሴንቲ ዝቅ ብሎ ቧንቧው ላይ በ4 ሚሊ ድሪል ቀዳዳ በሳሁ። ውኃው እዚያ ሲደርስ አየር ይገባል፣ መሳቡ ይቆማል። ቀዳዳው በአልጌ ስለሚደፈን በየወሩ በስቴኪኒ እጎረጉረዋለሁ። ሳምፑንም ከ15 ሴንቲ በላይ አልሞላውም። ወደ ታች ለሚወርደው ውኃ ከመላሹ የወፈረ ቧንቧ ዘርጋ፤ ከጎኑ ደግሞ ሁለተኛ መጠባበቂያ ይኑረው፤ አንድ ቀንድ አውጣ ሊዘጋው ይችላል።

4 ላይ ስለ ፓምፕ ጉልበት ልጽፍ ነበር፤ ባጭሩ፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ሊትር አትመን። ያ ውኃ ወደ ላይ ሳይገፋ የተለካ ነው። ሜትር ተኩል ሲወጣና በየኤልቦው (የቧንቧ መታጠፊያው) ሲታጠፍ ብዙ ይቀንሳል።

የውጭ ቪዲዮዎች የማይነግሩህ አንድ ነገር አለ። እነሱ ባሕር ዳርቻ ነው ያሉት። ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ያንሳል። ውኃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ሞቃትና ጨዋማ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ «መብራት ቢሄድ ስድስት ሰዓት ይቆያሉ» የሚለው ለእኛ አይሠራም። ፍኖተ ሰላም ከኛ ዝቅ ትላለች፣ ሞቅ ትላለች፤ ቢሆንም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ከመጀመሪያው ዓሣ በፊት ግዛ። ኮራሉን ከገዛህ በኋላ ገንዘብ አይኖርህም።

ጨው ከመጨመርህ በፊት ሁሉንም ለሙከራ ብቻ በቧንቧ ውኃ ሙላ። ፓምፑ ሲዞር የሳምፑን ውኃ በማርከር አስምር። ከዚያ ሶኬቱን ንቀልና ወንበር ስበህ ተቀመጥ። ውኃው የት እንደሚቆም እይ። በቀን አድርገው፣ ቤት ውስጥ እያለህ። አምስት ስድስት ጊዜ ደጋግመው።

እትዬ አሁንም መብራት በሄደ ቁጥር ከታች ይጣራሉ። «አንተ ልጅ፣ ባሕርህ ደህና ነው?» ደህና ነው እላቸዋለሁ። ጤፉን ግን ወደ ማዶው ግድግዳ አዛውረውታል።