መልስ፦ አንዷ ግልገል ሞታለች፣ ሁለተኛዋ ታስመልሳለች

እህቴ፣ አዘዞ ቤትሽ ካሉት ሁለት የድመት ግልገሎች አንዷ በሁለት ቀን ውስጥ እንደሞተች፣ የቀረችውም እያስመለሳት ውሃዋ ላይ አቀርቅራ እንደምትውል ጽፈሽ መርዝ ይሆን ወይ ብለሻል። መርዝም ሊሆን ይችላል፤ እኔን ይበልጥ ያሰጋኝ ግን ፓንሉኮፔኒያ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው። የእኔዋም እንዲሁ ነበረች፤ አገጯን የሳህኑ ጠርዝ ላይ አስደግፋ ውሃውን ታያለች እንጂ አትጠጣም ነበር። ቫይረሱ አንጀትንና ነጭ የደም ሴሎችን ያጠቃል፤ ግልገልን በሰዓታት ውስጥ ሊገድል ይችላል።

ስለዚህ ነገ አትበዪ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ስላለው እዚያ ጠይቂ፣ ወይም በአቅራቢያሽ ወዳለ የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ውሰጃት። ቫይረሱን የሚያጠፋ የታወቀ መድኃኒት ባይኖርም ፈሳሽ በጊዜ ከተሰጣት ልትተርፍ ትችላለች። ፓራሲታሞል ግን በፍጹም እንዳትሰጫት፤ ለድመት መርዝ ነው።

ብታስነጥስና ዓይኗ ቢያዝ ኖሮ ሄርፐስ የሚባለውን የድመት ቫይረስ፣ ምላሷ ቢቆስል ደግሞ ካሊሲ የሚባለውን ሌላ የድመት ቫይረስ እጠረጥር ነበር። ጠባይዋ በድንገት ተለውጦ ለሃጯ ከተዝረበረበ ግን የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል አትንኪያት፤ የተነከሰ ሰው ካለ ቁስሉን 15 ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የሟቿን መኝታ ጨርቅ አቃጥዪው። ሳህኑንና ወለሉን አጥበሽ በአንድ ሊትር ውሃ 30 ሚሊ ሊትር ያህል በረኪና በጥብጠሽ አፍስሺበትና 10 ደቂቃ አቆዪው። ቫይረሱ ቤት ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሊቆይ ስለሚችል ያልተከተበች ድመት አታስገቢ።