«እማዬ፣ እኛ እንደዚህ ነን?»

እትዬ ይመልሳሉ፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ክረምቱ ገብቶ ዝናቡ ጅማን ከያዛት ወዲህ ልጆች ከትምህርት ቤት መልስ ከቤት አይወጡም። ቤት የዋለ ልጅ ደግሞ ወይ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል ወይ ያገኘውን መጽሐፍ ያገላብጣል። ለዚህ ይሁን ለሌላ፣ በዚህ ወር አራት ሰዎች ሳይመካከሩ ስለ ልጆች መጽሐፍ ጽፈውልኛል። አንዱ እኔን ለመስደብ ነው የጻፈው። እሱንም አልደበቅኩትም።

ጥያቄ፦ እትዬ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከመንደራ ቆጪ ነው። የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። አክስቷ ከቤልጂየም ስትመጣ አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ አመጣችላት፣ የራሷ ልጆች ያደጉባቸው ናቸው። ከመሃላቸው አንዱ ቲንቲን የሚባለው ጋዜጠኛ ከውሻው ጋር ኮንጎ የሚሄድበት ነው። ልጄ ቋንቋውን አታውቀውም፣ ሥዕሉን ግን አንድ በአንድ ታየዋለች። ባለፈው ቡና እያፈላሁ ገጹን ገልጣ መጣችና «እማዬ፣ እኛ እንደዚህ ነን?» አለችኝ። ጥቁሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መልክ ነው ያላቸው፣ ከንፈራቸው ግማሽ ፊታቸውን ይዞታል፣ መጨረሻ ላይማ ለሰውዬውና ለውሻው ምስል ይሰግዳሉ። ደንግጬ «አይ፣ ቀልድ ነው» አልኳት። አሁን አሁን ራሷን ስትስል ፀጉሯን ቢጫ ታደርገዋለች። ባለቤቴ «ስጦታ አይጣልም፣ ደግሞ ልጅ ምን ያውቃል» ይላል። ልጣለው? ላቃጥለው? አክስቷ ብትጠይቀኝስ ምን እላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ «ቀልድ ነው» ካልሻት እንጀምር። ደንግጠሽ ነው፣ አልፈርድብሽም፣ እኔም በቦታሽ ብሆን ከዚህ የተሻለ አይወጣኝም ነበር። ግን ልጅቷ የጠየቀችሽ «እኛ ነን ወይ» ብላ ነው። «ቀልድ ነው» ስትያት «አዎ እኛ ነን፣ የሚሳቀውም በእኛ ነው» ብላ ተረድታው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ነገሩን አታንጠልጥዪው። ዛሬ ማታ ከጎኗ ቁጭ በይና «ያን ቀን የጠየቅሽኝን በደንብ አልመለስኩልሽም» በያት። ልጆች ትልቅ ሰው እንዲህ ሲላቸው ደስታቸው ነው።

ከዚያ እውነቱን ንገሪያት። መጽሐፉን የሣለው ኤርዤ የሚባል ቤልጂየማዊ ነው። ታሪኩ በፈረንጆቹ 1930 በጋዜጣ መውጣት ሲጀምር ኮንጎ የቤልጂየም ቅኝ ግዛት ነበረች፣ ሰውዬው ግን ኮንጎን ረግጧት አያውቅም። ይህ ለ7 ዓመት ልጅ ከበቂ በላይ ነው፦ «ሰውዬው ሰዎቹን አይቷቸው አያውቅም፣ ሰው ያወራለትን ነው የሣለው፣ ስለዚህ ተሳሳተ።» በእኔ ይሁንብሽ፣ ይገባታል። እሷም እኮ አንበሳ ሳታይ አንበሳ ስላለች።

ላንቺና ለባለቤትሽ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው እትም ላይ ቲንቲን ክፍል ገብቶ የኮንጎን ልጆች ስለ አገራቸው ያስተምራል፣ አገራቸው ብሎ የሚነግራቸው ግን ቤልጂየምን ነው! በ1946 መጽሐፉ በቀለም እንደገና ሲሠራ ያ ትምህርት ወጥቶ በቦታው ሂሳብ ገባ። ከንፈሩና ስግደቱ ግን እንዳለ ቀረ። አንዱ ነገር እንደማያስኬድ ደራሲው ገብቶታል ማለት ነው፣ ሌላው አልታየውም። ቤልጂየም የሚኖር አንድ የኮንጎ ሰው በ2007 ይህ መጽሐፍ ዘረኛ ነው፣ ይታገድ ብሎ ከስሶ ነበር፣ በ2012 ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም። አንቺ ግን ፍርድ ቤት አይደለሽም። መደርደሪያው ያንቺ ነው።

አታቃጥዪው። ልጅ ዓይኗ እያየ የተቃጠለ መጽሐፍ ዕድሜ ልኳን «ምን ነበረበት?» እያስባለ ነው የሚኖረው። ቁም ሣጥኑ ላይ አውጪውና 12 ወይ 13 ዓመት ሲሞላት አብራችሁ አውርዳችሁ አንብቡት፣ ያኔ የሚገርም ወሬ ይወጣዋል። ለአክስቷም እንዲሁ ንገሪያት፣ «ትንሽ ከፍ ስትል እንሰጣታለን ብለን ነው» በያት። ሰው በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመችም ቡና አፍልተሽ ጥሪያት።

ባልሽ «ልጅ ምን ያውቃል» ያለውን ግን አልቀበለውም። አሳታሚዎቹ ራሳቸው እንኳ እንዲህ አይሉም። የዶክተር ስዩስን የልጆች መጻሕፍት የሚያስተዳድረው ድርጅት በ2021 ስድስቱን ከእንግዲህ አላሳትምም ብሎ በገዛ እጁ አቁሟል፣ ምክንያቱም ሰዎች በሚያስቀይም መልኩ ተሥለውባቸዋል። በ1964 የወጣው የሮአልድ ዳል የቸኮሌት ፋብሪካ ታሪክ ላይ ደግሞ ሠራተኞቹ ከአፍሪካ ጫካ የመጡ ድንክዬ ጥቁሮች ነበሩ፣ ደመወዛቸው የካካዎ ፍሬ፣ እነሱም በዚያ ደስ ብሏቸው የሚዘፍኑ። እስቲ ይህን እዚህ ጅማ አምጥታችሁ አንብቡት! የቡና ለቃሚ ልጅ፣ እናቱ ቀኑን ሙሉ ለቅማ በእሸት ቡና ሸኟት፣ እሷም እየዘፈነች ገባች ቢሉት ይስቃል? ደራሲው ወቀሳው ሲበዛበት በ1973 እትም ሰዎቹን ነጭ አደረጋቸውና ፀጉራቸውን ወርቃማ ቀባው። ደመወዙ ግን ያው ካካዎ ነው።

አሁን ወደ ቢጫው ፀጉር ልምጣ፣ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከቲንቲን የመጣ አይመስለኝም። የመጣው ካርቶኑ ውስጥ ካሉት ከሌሎቹ ነው፣ «ደህና» ናቸው ብለሽ ከተውሻቸው። እነሱ ማንንም አይሰድቡም። ግን እሷን የምትመስል አንዲት ልጅ የለችባቸውም፣ አሉ እንዴ? ናይጄሪያዊቷ ደራሲ ቺማማንዳ ንጎዚ አዲቺ በ2009 ባደረገችው ንግግር ስለ ልጅነቷ ስታወራ፣ ናይጄሪያ ተቀምጣ የምትጽፋቸው ልጆች ሁሉ ዓይናቸው ሰማያዊ፣ በበረዶ የሚጫወቱ፣ ፖም የሚበሉ ነበሩ ብላለች። የምታነባቸው መጻሕፍት ላይ ያሉት ልጆች እንደዚያ ስለሆኑ ነዋ።

እኔ አስተማሪ በነበርኩ ጊዜ አንድ ነገር አይቻለሁ። ሴሚስተር ሲያልቅ የልጆቹን የከለር ሣጥን ስሰበስብ ሮዙና ቢጫው በጥፍር የማይያዝ ጉማጅ ሆኖ ነው የማገኘው። ቡናማው ቁመቱን እንደያዘ፣ ጫፉ እንኳ ሳይዶለዱም። ቡናው ቡናማ፣ ጭቃው ቡናማ፣ በርጩማው ቡናማ፣ እጃቸው ራሱ ቡናማ በሆነበት በጅማ ከተማ! ሥዕሉ ላይ ግን ቡናማ የሚሆነው የዛፍ ግንድ ብቻ ነው።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ጨምሪበት። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የማሞ ቂሎን ተረት በሥዕል አሳምሮ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሞታል፣ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካለ ያስፈልግልሽ። አፍሪካን ስቶሪቡክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ በብዙ የአፍሪካ ቋንቋዎች በነፃ የሚወርዱ አጫጭር መጻሕፍት አሉ። ካልሆነም ስድስት ወረቀት እጠፊና በስቴፕለር ምቺው። አያቷ በባለሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ቡና ስትለቅም አንድ ገጽ፣ ባጃጅ ውስጥ ሦስት ሰው ተጣቦ አንድ ገጽ። እሷ ትሣል፣ አንቺ ጻፊ። ፀጉሯን ቢጫ ብታደርገው አትቆጪያት፣ ቡናማውን እርሳስ ብቻ ቅረጪና አጠገቧ አስቀምጪላት።

ጥያቄ፦ ለእትዬ። ከቦሳ ቂጦ ነኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፣ አባቴ ግን ቀጥቃጭ ነበር። ሐሙስ ገበያ የሚሸጠውን ማጭድና መጥረቢያ እየሠራ ነው ያሳደገን። የሦስተኛ ክፍል ልጄ ከትምህርት ቤት ባመጣው የተረት መጽሐፍ ላይ አንድ ቀጥቃጭ አለ፣ ቀን ብረት ሲቀጠቅጥ ይውልና ሌሊት ጅብ ሆኖ ሰው ይበላል። ልጄን ክፍል ውስጥ ተነሥቶ እንዲያነበው አድርገውታል። ልጆቹ የአያቱን ሥራ አያውቁም፣ እሱ ግን ያውቃል። ቤት መጥቶ «አያቴ ቡዳ ነበር?» አለኝ። ሄጄ እንዳልናገር ሰው ሁሉ ያውቅብናል። ዝም ልበል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ «ያውቅብናል» ያልካት ቃል ላይ ቆሜ ቀረሁ። ምን ሠርታችሁ ነው የሚታወቅባችሁ? አባትህ ማጭድ ነው የሠራው፣ ያ ማጭድ የስንቱን ጤፍ አጭዷል።

ግን ዝም ብዬ አልፈርድብህም፣ የኔም ቤት ንጹሕ አይደለም። ይህንኑ ተረት ከአያቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። እሳት ዳር ሰብስባ ቀጥቃጩ እንዴት አመድ ላይ ተንከባልሎ ጅብ እንደሚሆን ስትነግረን እኛ እርስ በርስ እንተቃቀፋለን፣ እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች። ቢላዋውን ማን ሠራው? እሱ ነዋ! ምጣዱንም የሠራችው «አትቅረቧት» የምትለን ሸክላ ሠሪ ናት። ያኔ አልታየኝም፣ የታየኝ ካደግኩ በኋላ ነው። አማርኛ ተናጋሪው ጠይብ ይላል፣ ኦሮሞው ቱምቱ ይላል፣ ስም ብቻ ነው የሚለየው። ብረቱን ይገዟቸዋል፣ ልጃቸውን አይድሩላቸውም። በብዙ ቦታ መሬት ስለማይሰጣቸው በእጃቸው ሥራ ኖሩ፣ ዳር ሰፈሩ፣ ዳር በሰፈረ ሰው ላይ ደግሞ ወሬ አይጠፋም፣ በተለይ በሌሊት እሳት የሚያነድ ከሆነ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው አትስደቡ ብለው አዋጅ አስነግረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈው። ጅቡ ግን አሁንም ሦስተኛ ክፍል ይነበባል።

ስለዚህ ሂድ። የወላጆች ስብሰባ ላይ አታንሣው፣ እዚያ ሁሉም በአንዴ ይጮኻል። መምህሩን ከክፍል ሲወጣ ብቻውን አግኘው። ስለ አባትህ የመንገር ግዴታ የለብህም፣ ይህ ማንኛውም ወላጅ ሊያነሣው የሚችል ነገር ነው። «ይህን ተረት ልጅ ቆሞ ጮክ ብሎ እንዲያነበው አይሰጥ፣ ከተነበበም ይህ እምነት ከየት እንደመጣና ማንን እንደጎዳ ይነገራቸው» በለው። መጽሐፉ ይቃጠል አትበል፣ እንደዚያ ካልክ ወሬው ወደ አንተ ዞሮ ዋናው ነገር ይረሳል። አብዛኛው አስተማሪ ልብ ብሎት አይደለም፣ የተሰጠውን ነው የሚያስነብበው። ይህን የምልህ ለብዙ ዓመት እንደዚያው ሳደርግ ስለኖርኩ ነው።

ልጅህን ደግሞ በቃል ብቻ አትመልስለት። የአባትህ መዶሻ ቤት ካለ አውጣው፣ በሁለት እጁ ያንሣው፣ ክብደቱን ይየው። ከቻልክ ሐሙስ ዕለት አንድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ጋ ውሰደውና ወናፉን እንዲነፋ ለምንለት። ብረቱ ከጥቁር ወደ ቀይ፣ ከቀይ ወደ ብርቱካናማ ሲሄድ፣ መስፉ ላይ ሲመታ፣ ውኃ ውስጥ ሲገባ ጺ ሲል ይስማው። ትምህርት ቤት ሲሄድ የሚያወራው አያጣም፣ አያቱ እንደነበር ይንገራቸው አይንገራቸው እሱ ይወስን።

ጥያቄ፦ እናንተ ጋዜጠኞች የምትጽፉት አጣችሁ። እኛም በእነዚህ ተረቶች ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን? ይሄ ሁሉ የፈረንጅ ጣጣ ነው። ነገ ደግሞ ጅቡ ራሱ ስሜ ጠፋ ብሎ ይከሳል።

መልስ፦ ስለ ጅቡ እውነትህን ነው፣ ብዙ ተበድሏል! «ምን ሆንን» ያልከውን ግን ከአንተ ደብዳቤ በላይ ያለው ሰው መልሶልሃል፣ እሱም «እኛ» ውስጥ አለ። ተረት ይቅር ደግሞ አላልኩም። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፣ እመት ጦጣ ብልጥ ናት፣ ማሞ ቂሎ እንደ ስሙ ቂል ነው፣ እነዚህን ሰምቶ «አያቴ እንደዚህ ነበር?» ብሎ የሚመጣ ልጅ አላየሁም። ፈረንጅ ያልከውም አልሆነም፣ ከምኒልክ አዋጅ ወዲህ ያለ ጣጣ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እኔ እንጀራ እናት ነኝ። የባለቤቴ ልጅ 6 ዓመቱ ነው፣ ሁለት ዓመት አብረን ኖረናል፣ እንዋደዳለን። ሰሞኑን ግን የክፉ እንጀራ እናት ተረት አንብበውለት መጣና የሠራሁትን ምሳ አልበላም አለኝ። መርዝ አለበት ብሎ። አለቀስኩ።

መልስ፦ ይቺንስ የሚችላት የለም፣ አይዞሽ። ፈረንጁም ሐበሻውም እንጀራ እናት ላይ ተባብሯል፣ ክፉ ሰው ሲጠፋ እሷን ያመጣሉ። ልጁን አታባብዪው፣ አትቆጪውም፣ ወደ ጓዳ አስገቢው። ጭኮ ሥሩ። ገብሱ ተቆልቶ ተፈጭቶ ካለ ቅቤውን አንቺ አንጥሪ፣ ማሸቱን ለእሱ ተዪለት፣ እስከ ክርኑ ይቀባ። እያሸ ተረቱን እንዲነግርሽ ጠይቂው፣ ከዚያ «አሁን ደግሞ አንተና እኔ ያለንበትን ንገረኝ» በዪው። ምን ብሎ እንደጀመረ ጻፊልኝ፣ ጭኮው ከተረፈም የዝግጅት ክፍሉን አድራሻ ታውቂዋለሽ።