የዊንዶውስ ዲኤልኤል ፈንክሽን ፓች ስለማድረግ፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ

ዲኤልኤል ፕሮግራሞች የሚጋሯቸው ፈንክሽኖች (አንድ ሥራ የሚሠሩ የኮድ ክፍሎች) ያሉበት ፋይል ነው፤ ፓች ማድረግ ፈንክሽኑ ሲጠራ የራሳችሁ ኮድ እንዲሠራ መለወጥ ነው። ሲስተም32 (የዊንዶውስ ዋና ፋይሎች አቃፊ) ውስጥ ያለውን ፋይል አትንኩ። ፓች የሚደረገው ሜሞሪ ላይ፣ ለአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ይህን ሳታነቡ አትጠይቁኝ።

ሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ የፋይሉን ባለቤትነት ከትረስትድኢንስቶለር (የሲስተም ፋይሎችን ከሚጠብቀው የዊንዶውስ አካውንት) ወስጄ ከርነል32ን (ከዊንዶውስ ዋና ዋና ዲኤልኤሎች አንዱን) ብተካውስ?

መልስ፦ ከላይ ምን አልኩ?

ደብረ ብርሃን፦ የሱቃችን የድሮ የሽያጭ ፕሮግራም ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚያሳየው። ጌትሎካልታይምን (ቀንና ሰዓት የሚሰጠውን ፈንክሽን) ሁክ አድርጌ (ጥሪውን ወደ ራሴ ኮድ አዙሬ) የእኛን ቀን ልስጠው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው! ግን ሰዓቱን ተወው። እዚያ ወር ከ1 እስከ 12 ነው፤ ጳጉሜን 13 ብለህ ከሰጠኸው ወደ ፋይልታይም (ዊንዶውስ ጊዜን በአንድ ቁጥር የሚይዝበት መልክ) የሚቀይረው ፈንክሽን አይቀበልህም። ደግሞ እስከ ጳጉሜን ምን አስኬደህ፣ ጥቅምት 30 ለእሱ ፌብሩዋሪ 30 ነው። ዳታቤዙም የሁለት አገር ቀን ተደባልቆበት ይቀራል። ፕሮግራሙ ጌትዴትፎርማትን (ቀንን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረውን ፈንክሽን) የሚጠራ ከሆነ እሱን ያዝ፤ የሚለወጠው የሚታየው ጽሑፍ ብቻ ይሆናል። በፕሮግራሙ ኢምፖርት ሰንጠረዥ (ከዲኤልኤል የሚጠራቸው ፈንክሽኖች አድራሻ ዝርዝር) ላይ አድራሻውን ወደ ራስህ ፈንክሽን አዙር፣ ዋናውን አድራሻ አስቀምጥ፣ የማይመለከትህን ጥሪ ወደ ዋናው አሳልፍ። አድራሻውን ኮድህ ውስጥ በቁጥር አትጻፍ፤ ከቪስታ ወዲህ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ይቀያየራል።

የፈንክሽኑን ኮድ ራሱን መቀየር ግድ ከሆነ በ32 ቢት ፕሮግራም ፈንክሽኑ መጀመሪያ ላይ የምትጽፈው ወደ ራስህ ኮድ የሚወስድ ዝላይ 5 ባይት ነው። አንዱን ትእዛዝ መሐሉ ላይ ከቆረጥክ፣ ወይም ሌላ ትሬድ (በፕሮግራሙ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄድ ሥራ) እዚያው ላይ እያለ ከጻፍክ ፕሮግራሙ ይወድቃል። ዲቱርስ የሚባለው የሁክ ላይብረሪ፣ ትሬዶቹን ካስመዘገብክለት፣ ይህን ይጠነቀቅልሃል፤ የማይክሮሶፍት ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው።

መሐል ሜዳ፦ ምን አደከማችሁ፣ ሊኑክስ ጫኑና በኤልዲ ፕሪሎድ (የራሳችሁን ላይብረሪ አስቀድሞ በሚያስጭነው የሊኑክስ ቅንብር) ጨርሱት።

ደብረ ብርሃን፦ የሽያጩን ፕሮግራም አንተ ትጽፍልኛለህ?

መሐል ሜዳ፦ በዋይን (የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስኬደው) ይሄዳል።

ደብረ ብርሃን፦ የደረሰኝ ፕሪንተሩስ?

መልስ፦ ክርክሩን ሌላ ቦታ። ኤልዲ ፕሪሎድ ጥሩ ነው፤ በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) መብት የሚነሱት ሴትዩአይዲ ፕሮግራሞች ግን አይሰሙትም። በቃ።

ፍቼ፦ ኮምፒውተሬ ዲኤልኤል ጠፍቷል ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የቱ ዲኤልኤል? በየትኛው ፕሮግራም?

ፍቼ፦ ጌም ነው።

መልስ፦ ጌሙን እንደገና ጫን። ዲኤልኤል ከየድረ ገጹ አትልቀም። ሲስተም32ንም አትንካ።

ዓለም ከተማ፦ ስንጨርስ ሁኩን እንዴት እናንሳው?

መልስ፦ አታንሺው እህቴ፣ ፕሮግራሙን ዝጊው። ከአንቺ በኋላ አንቲቫይረሱ በላዩ ሁክ አድርጎ ከሆነ፣ የድሮውን ባይት ስትመልሺ የእሱን ታጠፊበታለሽ። የራስሽን ዲኤልኤል ካወረድሽው ደግሞ እሱ ወደሌለ ኮድ ይዘላል። ግድ ከሆነ ሁኩ ይቀመጥ፣ ሥራው ዋናውን መጥራት ብቻ ይሁን።

ሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ ተክቼው ነበር። አሁን ዊንዶውስ አይነሳም።

መልስ፦ በመጫኛ ፍላሽ አስነሳና ኤስኤፍሲን (የተበላሹ የሲስተም ፋይሎችን የሚጠግነውን የዊንዶውስ መሣሪያ) ከዚያ አስኪድ።

ደብረ ብርሃን፦ ሞከርኩት፤ ዲኤልኤሌ አልገባም አለ። ፕሮግራሙ 32 ቢት፣ የእኔ 64 ነው።

መልስ፦ አይገባማ! በ32 ኮምፓይል አድርገው።