ጥያቄና መልስ፦ ሠራተኛዋ የተጠየቀችው የት ነው?

በዚህ ሳምንት ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ የሚነሡት ከአንድ ጉዳይ ነው፤ ባለሀብትና ምርት ገዥ ድርጅት ስለ ሠራተኛውና ስለ አካባቢው ነዋሪ የሚሰበስቡት መረጃ ምን ያህል ይታመናል የሚል ነው። ስለዚህ አንድ ላይ መልሻቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ ገላን ውስጥ አርባ ያህል ሠራተኞች ያሉት የጫማ ማምረቻ አለኝ። አንድ የጀርመን ገዥ የሠራተኞቼን የሥራ ሰዓት፣ ደመወዝ፣ የደረሰ አደጋና የለቀቁትን ብዛት የሚጠይቅ ረጅም መጠይቅ ላከልኝ። ጫማው ጥራት ካለው ይህ ሁሉ ምን ያደርግለታል?

መልስ፦ በጀርመን ትልልቅ ኩባንያዎች በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የሚፈጸም የመብት ጥሰትን እንዲከታተሉ የሚያስገድድ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2023 መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ ውሏል፤ ስለዚህ ገዥዎ የሚጠይቅዎ ተጠያቂነት ስላለበት ነው። እርስዎም አዲስ ጥናት ማስጠናት አያስፈልግዎትም፤ ፔሮሉ፣ የሰዓት መቆጣጠሪያውና የአደጋ መዝገቡ በትክክል ከተያዙ አብዛኛው መልስ እዚያው ይገኛል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው ሥራ በሳምንት ከ48 ሰዓት፣ የትርፍ ሰዓት ሥራውም በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። መዝገብዎ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ከሆነ ቁጥሩን ከማሳመር ይልቅ እንዳለ ጽፈው እስከ መቼ እንደሚያስተካክሉት ቢገልጹ ይሻላል፤ አንድም ጉድለት የሌለበት መጠይቅ ልምድ ያለውን ገዥ ይበልጥ ያጠራጥረዋል። ከሁሉ በላይ ግን የለቀቁትን ብዛትና የለቀቁበትን ምክንያት ለራስዎ ሲሉ ይመዝግቡ። የለመደ ሰፊ በሦስት ወሩ ጥሎ በሄደ ቁጥር አዲሱን ለማሠልጠን የሚወጣው ገንዘብና በእጁ የሚበላሸው ቆዳ ከእርስዎ ኪስ ነው፤ ያስለቀቀው የቤት ኪራይ ይሁን ትራንስፖርት ወይም የቅርብ አለቃው ካላወቁ ደግሞ ወጪውን ማስቆም አይችሉም።

ጥያቄ፦ ባለሀብት ከመገንባቱ በፊት ስለ አካባቢው ነዋሪ ለሚያስጠናው ጥናት የሕዝብ ቆጠራው ቁጥር አይበቃም ወይ?

መልስ፦ አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ቢያዝም የመጨረሻው የተካሄደው በ1999 ነው፤ ያኔ የአዲስ አበባ ሕዝብ 2,739,551 ተብሎ ሲመዘገብ የቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክም የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየምም አልነበሩም። በዚያ ቁጥር የውኃና የትራንስፖርት ፍላጎትን ያሰላ ባለሀብት ዛሬ የሌለችን ከተማ ነው የሚያሰላው።

ጥያቄ፦ በከተማው ምሥራቅ ዳርቻ ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። የሥራ ሁኔታችንን የሚመረምር ኦዲተር ሲመጣ ምን ብለን እንደምንመልስ ሱፐርቫይዘራችን ቀድሞ ይነግረናል። እንዲህ ያለው ኦዲት ለማን ይጠቅማል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንዲህ የተሰበሰበ መልስ ለማንም አይጠቅምም፤ ሰውም ያስገድላል። በፓኪስታን ካራቺ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለው የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች ያለቁት እኛ የ2005ን እንቁጣጣሽ ባከበርንበት ዕለት ነበር። መስኮቶቹ በብረት የታጠሩ፣ መውጫዎቹም የተቆለፉ ነበሩ። ያም ሆኖ ፋብሪካው ኤስኤ 8000 የተባለውን የማኅበራዊ ኃላፊነት ምስክር ወረቀት ከተቀበለ ገና ጥቂት ሳምንታት መሆኑ ነበር።

እኔም ከዓመታት በፊት በዚያው በምሥራቁ ዳርቻ መጠይቅ ይዤ እዞር ነበር። አንዲት ልጅ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ስለ ክፍያዋ ስጠይቃት ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ «ምንም ችግር የለም» አለችኝ። በሳምንቱ እሑድ፣ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር በተከራየችው የጭቃ ክፍል፣ ቢጫ ጄሪካን ላይ አስቀምጣኝ ያንኑ ጥያቄ ስደግምላት፣ ከፍራሹ ሥር ሁለት የደመወዝ ወረቀቶች አውጥታ በጣቷ እያመለከተች አሳየችኝ፤ በሁለተኛው ላይ የትርፍ ሰዓት ክፍያዋ አልነበረም። ልጅቷም ጥያቄውም ያው ነበሩ፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ስለዚህ ኦዲት የሚያዝ ገዥ ወይም ባንክ ሠራተኞቹ የት እንደተጠየቁ፣ ማን እንደመረጣቸው፣ ጠያቂው ቋንቋቸውን ይናገር እንደሆነ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። እርስዎ የደመወዝ ወረቀቶችዎን አንድም ሳይጥሉ ያስቀምጡ፤ ኦዲተሩንም ከግቢ ውጭ የሚገኝበትን ስልክ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ አካባቢ የምናርሰው መሬት ለፋብሪካ ይወሰዳል ተብሎ መዝጋቢዎች መጡና የአባቴን ስም ብቻ ጽፈው ሄዱ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ ካሳው የሚሰላው እዚያ መዝገብ ላይ ከሰፈረው ስለሆነ ቶሎ ብላችሁ አስተካክሉ። በአንድ ግቢ አባት ያርሳሉ፤ እናት ወተት ይሸጣሉ፣ ኩበት ይጠፈጥፋሉ፤ ልጅ ክፍል ያከራያል፤ ተከራይዋ በር ላይ ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርት ትቸረችራለች። በአባት ስም ብቻ የተጻፈ መዝገብ እርሻውን እንጂ የእነዚህን ሁሉ እንጀራ አያይም። ባለሀብቱ ገንዘቡን ከየት እንዳገኘ ጠይቁ፤ ለግል ባለሀብቶች ከሚያበድረው የዓለም ባንክ ቡድን አባል ከዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ከሆነ፣ ስለ መሬት ማስለቀቅ የሚደነግገው የኮርፖሬሽኑ አምስተኛው መመዘኛ የይዞታ ወረቀት የሌላቸውም ጭምር እንዲቆጠሩና የምዝገባው ማብቂያ ቀን በይፋ እንዲነገር ያስገድዳል። በአገራችንም የመሬት ማስለቀቅና የካሳ ክፍያ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 አቤቱታ ሰሚ አካልና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ እንዲቋቋሙ ይደነግጋል። አቤት ስትሉ የእድራችሁን መዝገብ ቅጂ አያይዙ። በዳርቻው ካየኋቸው ሰነዶች ሁሉ ማን ከመቼ ጀምሮ እንደሚኖርና እነማን ቤተሰቡ እንደሆኑ በጥንቃቄ የሚጻፍበት እርሱ ሆኖ ሳለ፣ አጥኚዎች ዘወር ብለው አለማየታቸው ሁልጊዜ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ የካ አባዶ ቤታችን ድረስ መጠይቅ ይዘው የመጡ ሰዎች የፋይዳ ቁጥሬን ጠየቁኝ። ልስጥ?

መልስ፦ ለምን እንደሚፈልጉትና የት እንደሚያስቀምጡት ሳይነግሩዎ አይስጡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ሰብሳቢው ዓላማውን የማሳወቅ ግዴታ አለበት ይላል። ስለ ፋብሪካው ጭስ ወይም ስለ መንገዱ አስተያየት ለመቀበል ደግሞ የማንም መታወቂያ ቁጥር አያስፈልግም፤ ስሙ ከመልሱ ጋር እንደሚቀመጥ ያወቀ ጎረቤትዎ ያችኑ «ምንም ችግር የለም» ብሎ በሩን ይዘጋል።