ኤንቪዲያ፣ ኤኤምዲ ወይስ ኢንቴል? የግራፊክስ ካርድ አምራቾችን ፉክክር በሚመለከት ጥያቄና መልስ

ከአባላት የቀረቡትን ጥያቄዎች ከዚህ በታች በተራ መልሻቸዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዋጋዎቹ ደግሞ ካርዶቹ ለገበያ ሲቀርቡ አምራቾቹ ራሳቸው በአሜሪካ ዶላር ያሳወቋቸው ሲሆኑ፣ ሱቅ ላይ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ጥያቄ፦ ድሮ ብዙ የግራፊክስ ካርድ አምራቾች እንደነበሩ ይነገራል። ገበያው በሁለት ኩባንያዎች እጅ እንዴት ሊገባ ቻለ?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በ1990ዎቹ ማትሮክስ፣ ኤስስሪ፣ ኤቲአይ፣ ስሪዲኤፍኤክስ እና ኤንቪዲያ ሁሉም በአንድ ገበያ ይሻሙ ነበር። በ1996 ቩዱ የተባለውን ቺፕ ያወጣው ስሪዲኤፍኤክስ ለጥቂት ዓመታት የጌም ተጫዋቾች ቀዳሚ ምርጫ ሆኖ ቆየ። ይሁንና ካርድ የሚገጣጥም አንድ ኩባንያ ገዝቶ ካርዶቹን ራሱ ብቻ ለመሸጥ በመወሰኑ፣ እስከዚያ ድረስ ቺፑን እየገዙ ካርድ ይሠሩለት የነበሩት ድርጅቶች ፊታቸውን ወደ ኤንቪዲያ አዞሩ። ኤንቪዲያም በ1999 ጂፎርስ 256ን አወጣ፤ በ2000 መጨረሻ ደግሞ የተፎካካሪውን ንብረትና የፈጠራ መብት ለመግዛት ተስማማ። የካናዳው ኤቲአይ በራዴዮን ካርዶቹ ተቋቁሞ ከቆየ በኋላ በ2006 ኤኤምዲ 5.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከፍሎ ጠቀለለው። ዛሬ «ራዴዮን» ስንል የምናወራው ስለዚሁ የኤቲአይ ውርስ ነው።

ጥያቄ፦ ኤኤምዲ ኤንቪዲያን በእርግጥ በልጦ ያውቃል?

መልስ፦ ያውቃል። ኤቲአይ ገና ራሱን ችሎ ሳለ በ2002 ያወጣው ራዴዮን 9700 ፕሮ በጊዜው አቻ አልነበረውም፤ ኤንቪዲያ ዘግይቶ ያቀረበው ጂፎርስ ኤፍኤክስ 5800 አልትራም ከፍጥነቱ ይልቅ በማራገቢያው ጩኸት ይታወሳል። ለእኔ ግን ከዚህ የበለጠ ትምህርት ያለው የ2008ቱ ጉዳይ ነው። በዚያ ዓመት ሰኔ ኤንቪዲያ ጂቲኤክስ 280ን በ649፣ ጂቲኤክስ 260ን በ399 ዶላር አቀረበ። ኤኤምዲ ግዙፍ ቺፕ መሥራቱን ትቶ አነስተኛና ርካሽ ቺፕ ነድፎ ስለነበር፣ በዚያው ወር ራዴዮን ኤችዲ 4870ን በ299 ዶላር ይዞ ብቅ አለ። ካርዱ 280ን በፍጥነት አልበለጠውም፤ ነገር ግን ከግማሽ በታች በሆነ ዋጋ ብዙም ሳይርቅ ተከተለው፣ ከ260 ጋር ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ተጋጠመ። ኤንቪዲያ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 280ን ወደ 499፣ 260ን ወደ 299 ዶላር ለማውረድ ተገደደ። ለገዢው የሚጠቅመው ፉክክር እንዲህ ያለው ነው፤ የፈጣኑ ካርድ ዘውድ በማን ራስ ላይ መቀመጡ ለአብዛኞቻችን ኪስ የሚጨምረው ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ታዲያ ዛሬ እንደዚያ ያለ የዋጋ ቅነሳ የማናየው ለምንድን ነው? የሁለቱ ኩባንያዎች ሥራ አስኪያጆች ዘመዳሞች ናቸው ይባላል፤ ተስማምተው ይሆን?

መልስ፦ የኤንቪዲያው ጄንሰን ሁዋንግ እና የኤኤምዲዋ ሊሳ ሱ ሁለቱም ታይዋን የተወለዱ የሩቅ ዘመዳሞች መሆናቸው እውነት ነው፤ ዋጋውን ለመረዳት ግን ዝምድና ቆጠራ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። ሁለቱም ቺፕ ይነድፋሉ እንጂ ፋብሪካ የላቸውም፤ የዛሬ ዋና ዋና የጌም ቺፖቻቸው የሚመረቱት በታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ነው። የፋብሪካው አቅም ውስን በመሆኑ፣ ለጌም ቺፕ የዋለው አቅም ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ማሽኖች ቢውል ብዙ እጥፍ ገንዘብ ያስገኛል። በጥር 2025 በተጠናቀቀው የኤንቪዲያ የበጀት ዓመት የዳታ ሴንተር ሽያጭ ወደ 115 ቢሊዮን ዶላር ሲደርስ የጌም ዘርፉ ሽያጭ 11 ቢሊዮን ገደማ ነበር። ኤኤምዲም ድርሻውን ለኮምፒውተርና ለሰርቨር ፕሮሰሰሮች፣ እንዲሁም ለፕሌይስቴሽንና ለኤክስቦክስ ቺፖች ያካፍላል። ስለዚህ በተጫዋቾች ገበያ ዋጋ ሰብሮ ለመሸጥ ሁለቱም የሚያስገድዳቸው ነገር የለም።

ሌላው ምክንያት የኤኤምዲ የራሱ ልማድ ነው። ለዓመታት የኤንቪዲያን ዋጋ ተመልክቶ ጥቂት በመቀነስ ሲሸጥ ኖሯል፤ በ2020 የኤንቪዲያ አርቲኤክስ 3080 በ699 ሲወጣ የኤኤምዲ አርኤክስ 6800 ኤክስቲ በ649 ዶላር ነበር የቀረበው። ሃምሳ ዶላር ደግሞ በሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን ጉዞ በማስላት ጥላና ነጸብራቅ በሚሠራው ዘዴ) የነበረውን ድክመት አያካክስም፤ ገዢውም ጨምሮ የለመደውን ወሰደ። በመስከረም 2024 የኤኤምዲ ኃላፊ ጃክ ሁዊን፣ ኩባንያው ከከፍተኛው ደረጃ ይልቅ የገበያ ድርሻን እንደሚያስቀድም በይፋ ተናገሩ፤ በመጋቢት 2025 የወጣው አርኤክስ 9070 ኤክስቲም 749 ዶላር ከተተመነው አርቲኤክስ 5070 ቲአይ ጋር የሚቀራረብ አቅም ይዞ በ599 ቀረበ። የ2008ቱን መንፈስ ያየሁበት ካርድ ነው፤ ምንም እንኳ በዚያ ዋጋ ሱቅ ውስጥ ማግኘት ብዙም ሳይቆይ አስቸጋሪ ቢሆንም።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ኤኤምዲ ዋጋ እንዲቀንስ የምንመኘው የኤንቪዲያን ካርድ በርካሽ ለመግዛት ነው። ሁላችንም እንዲህ ካሰብን የሚቀንሰው ኩባንያ ምን ያተርፋል?

ጥያቄ፦ ዲኤልኤስኤስ ከኤፍኤስአር ይበልጣል የሚባለው እውነት ነው ወይስ ማስታወቂያ?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ እውነት ነበር። የኤንቪዲያው ዲኤልኤስኤስም ሆነ የኤኤምዲው ኤፍኤስአር ጌሙን ዝቅ ባለ ጥራት አሠርተው ምስሉን ወደ ስክሪኑ ልክ ያሳድጋሉ፤ ልዩነቱ ኤንቪዲያ ከመጀመሪያው ጀምሮ በማሽን ትምህርት የሠለጠነ ሥርዓት መጠቀሙ ሲሆን፣ በ2021 የወጣው ኤፍኤስአር ደግሞ በተለመደ ስሌት ብቻ ይሠራ ነበር። በዚህም የተነሳ ኤፍኤስአር በአሮጌ የኤንቪዲያ ካርድ ላይ ሳይቀር የሚሠራ ቸር ሥርዓት ቢሆንም፣ ቅጠልና ፀጉርን በመሰሉ ጥቃቅን ነገሮች ላይ ምስሉ ይርገበገብ ነበር። በ2025 የመጣው ኤፍኤስአር 4 ወደ ማሽን ትምህርት በመዞሩ ክፍተቱን በእጅጉ አጥብቦታል፤ ሲወጣ ግን የሚሠራው በአርኤክስ 9000 ካርዶች ላይ ብቻ ነበር፣ የሚደግፉት ጌሞችም ከዲኤልኤስኤስ ያንሳሉ።

የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር የፍሬም ፈጠራው ነው፤ ፍሬም የሚባለው ተከታትሎ ሲታይ እንቅስቃሴ የሚፈጥረው እያንዳንዱ ነጠላ ምስል ነው። በጥር 2025 ሁዋንግ መድረክ ላይ ቆመው ባለ 549 ዶላሩ አርቲኤክስ 5070 የቀድሞው ትውልድ ቁንጮ የሆነውን የአርቲኤክስ 4090ን አቅም እንደሚሰጥ አውጀው ነበር። ይህ ካርዱ ለእያንዳንዱ እውነተኛ ፍሬም እስከ ሦስት የሚደርሱ ፍሬሞችን ፈጥሮ ሲያስገባ የሚታየውን ቁጥር የሚመለከት ነው። የተፈጠረው ፍሬም ምስሉን ያለሰልሳል እንጂ ለእጅዎ ትእዛዝ ምላሽ አይሰጥም፤ ስለዚህ ካርዶችን ሲያወዳድሩ ይህ ሥርዓት ጠፍቶ የተለካውን ቁጥር ይፈልጉ።

ጥያቄ፦ 8 ጊጋባይት ሜሞሪ ይበቃል?

መልስ፦ ለቆዩ ጌሞችና በመስመር ላይ ለሚካሄዱ ቀላል ውድድሮች ይበቃል፤ ለአዲስ ካርድ ግን አልመክረውም። የካርዱ ሜሞሪ ሲሞላ መረጃው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይሸጋገራል፤ መንገዱም እጅግ ቀርፋፋ በመሆኑ ጌሙ ይንተፋተፋል። አሳዛኙ ነገር ሁለቱም ኩባንያዎች 8 እና 16 ጊጋባይት ያላቸውን ካርዶች በአንድ ስም መሸጣቸው ነው፦ አርቲኤክስ 5060 ቲአይ በ379 እና በ429፣ አርኤክስ 9060 ኤክስቲ በ299 እና በ349 ዶላር። ስለዚህ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የሜሞሪ መጠን ሳያነቡ አይክፈሉ።

ጥያቄ፦ ኢንቴልስ?

መልስ፦ በ2022 ያወጣቸው አርክ ካርዶች በተለይ በአሮጌ ጌሞች ላይ የድራይቨር (ካርዱን ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያግባባው ሶፍትዌር) ችግር ነበረባቸው፤ ኩባንያው ሳይሰለች አሻሽሎታል። በታኅሣሥ 2024 በ249 ዶላር የወጣው ባለ 12 ጊጋባይት ቢ580 ለዋጋው ጥሩ ካርድ ነው። ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ያረጀ ኮምፒውተር ላይ አቅሙ በጉልህ ይወርዳል፤ ርካሽ ካርድ የሚፈልገው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እህቴ በክረምት ከአሜሪካ ስትመጣ አንድ ካርድ ልታመጣልኝ ነው። በጀቴ ከ450 ዶላር አይበልጥም፤ ከጌም ሌላ ብሌንደር በተባለው ሶፍትዌር የስሪዲ ምስሎችን እሠራለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ጌም ብቻ ቢሆን ኖሮ ሳላመነታ ባለ 16 ጊጋባይቱን 9060 ኤክስቲ እመክርዎ ነበር። ብሌንደር ግን በኤንቪዲያ ካርዶች ላይ በተሻለ ፍጥነት ያቀናብራል፤ ኩባንያው ኩዳ የተባለውን የፕሮግራም መሠረት ከ2007 ጀምሮ ሲገነባ በመቆየቱ በሥራ ሶፍትዌሮች ዘንድ ያለው ብልጫ ከጌሙ ይሰፋል። ስለዚህ ባለ 16 ጊጋባይቱን 5060 ቲአይ ይዘዙ፤ 180 ዋት ስለሚወስድ ጥራቱ የታወቀ ባለ 600 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይበቃዋል። መብራት እየሄደ በሚመጣበት ሰፈር ከሆኑ መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል ለሚሰጠው ዩፒኤስ ተጨማሪ ገንዘብ ያዘጋጁ። እህትዎም ካርዱን ሲገዙ የአምራቹ ዋስትና ከአሜሪካ ውጭ ያገለግል እንደሆነ ይጠይቁ፤ ደረሰኙንም ከካርዱ ጋር ይዘው ይምጡ።