የ33 ዓመቱ ኮርነርባክና የቆሮሶው ውርርድ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አሜሪካ ያለው ታላቅ ወንድሜ የአሜሪካን ፉትቦል ሊግ፣ የኤንኤፍኤል ሱስ ካስያዘኝ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ እሁድ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስልኬ ላይ እንደተደፋሁ ነኝ። አሁን የምንደግፈው ቡድን የ33 ዓመት ኮርነርባክ ለአንድ ዓመት በዝቅተኛው ደመወዝ አስፈረመ። ወንድሜ «በነፃ እንደማግኘት ነው» ይላል፤ እኔ ደግሞ «ጉልበቱ ያለቀ ሰው ነው» ብዬ የቆሮሶ ጥብስ አስይዣለሁ። እርስዎ የእግር ኳስ ተመላላሽ ስለነበሩ ይፍረዱን።
ብ.፣ ከሀዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ የአርሰናል ጥያቄ ያልሆነ ነገር የላከልኝ ሰው በመገኘቱ ተመስገን!

ለማያውቀው አንባቢ፣ ኮርነርባክ ማለት ዳር ላይ የሚሮጠውን ኳስ ተቀባይ የሚይዝ ተከላካይ ነው፤ የእኛ ተመላላሽ ቢጤ። የእሱ ሥራ የሚከብደው ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ እየሮጠ ስለሚጀምር ነው። ተቀባዩ ወዴት እንደሚታጠፍ ያውቃል፤ ኮርነርባኩ ይገምታል።

የገንዘቡን ነገር ቶሎ እንጨርሰው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሰባት ዓመትና ከዚያ በላይ የተጫወተ ሰው ዝቅተኛ ደመወዝ 1,210,000 ዶላር ነበር። ሊጉ ግን ክለቦች አንጋፋውን ትተው በርካሹ ወጣት ብቻ እንዳይሞሉ፣ እንዲህ ባለው የአንድ ዓመት ውል ከደመወዝ ጣሪያቸው፣ ማለትም ለተጫዋቾች በዓመት ማውጣት ከሚፈቀድላቸው፣ ላይ የቆጠረባቸው 985,000ውን ብቻ ነበር። ጣሪያው 255.4 ሚሊዮን ነበር። ከመቶ ብር ላይ ሃምሳ ሳንቲም እንኳ አይሞላም! እና መርከሱ ስለ ሰውዬው ምንም አይነግርህም። ወንድምህን ዋስትና ያለው ገንዘብ፣ ማለትም ቢያሰናብቱትም የሚከፈለው፣ ስንት እንደሆነ ጠይቀው። ከሌለው፣ ከውድድሩ በፊት 90ው ተጫዋች ወደ 53 ሲቀነስ ሳያመነቱ ያሰናብቱታል።

እኔንም 34 ዓመቴ ላይ አንድ ቡድን በትንሽ ደመወዝ ወስዶኝ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ጠዋት ታቦር ተራራን ወጥተን ስንወርድ ከልጆቹ እኩል ነበርኩ፤ በቀጥታ ሩጫም አላፈርኩም። ልምምድ ላይ ግን አንድ ቀጭን የ19 ዓመት ልጅ ወደ ውስጥ የሚገባ መስሎ ወደ መስመሩ ሲታጠፍብኝ፣ ጭንቅላቴ አብሮት ዞረ፣ ዳሌዬ ቀረ። ግማሽ እርምጃ ብትሆን ነው። በማግስቱ ማንም ሳያዘኝ ሦስት እርምጃ ርቄ ቆምኩ። አሠልጣኙ «ልምድ ማለት ይሄ ነው!» ብሎ በሁሉም ፊት አመሰገነኝ። የምን ልምድ፣ ፈርቼ ነው።

አንተም ያንን ፈልግበት። ድሮ ተቀባዩ አፍንጫ ሥር ይቆም የነበረ ሰው ዛሬ ስምንት ዘጠኝ ያርድ ርቆ ከቆመ፣ አሠልጣኙ አዞት ነው ወይስ ዳሌው? ቀጥሎ እጁን እይ። እግሩ የከዳው ተከላካይ ማሊያ ይጎትታል፤ እዚያ ደግሞ መጎተት አምስት ያርድና አዲስ የማጥቃት ዕድል ያስከፍላል፤ ኳስ በአየር ላይ ሳለች ተቀባዩን ካደናቀፈማ ኳሷ ጥፋቱ የተሠራበት ቦታ ድረስ ትሄዳለች። የነጠቃቸውን ኳሶች አትቁጠር። ኳስ ወርዋሪው ኳርተርባክ ፈርቶት ወደ እሱ የማይወረውር ከሆነ ምኑን ይነጥቃል?

ዕድሜውን ብቻ ይዘህ ግን አትፍረድበት። ኮርነርባኩ ዳረል ግሪን እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 2002 ለዋሽንግተን ብቻ ተጫውቶ በ42 ዓመቱ ነው የወጣው፤ ፍጥነቱ ግን ከሰው የተለየ ስለነበር ለማንም ምሳሌ አይሆንም። ለእናንተ ሰው የሚቀርበው ቻርለስ ውድሰን ነው፤ ከዳር ወደ ሴፍቲ፣ ማለትም ወደ ኋላ መሐል ተዛውሮ ጨዋታውን ከፊቱ እያየ እስከ 39 ዓመቱ ቆየ። በሌላ ወገን ኮርነርባኩን ሪቻርድ ሸርማንን ታምፓ ቤይ እ.ኤ.አ. በ2021 ተከላካዮቹ ሲጎዱበት በ33 ዓመቱ ጠራው፤ አምስት ጨዋታ ተሰልፎ አበቃ። ያን የመሰለ ጭንቅላት የነበረው ሰው!

ስለዚህ የእናንተው ሰው ዞን፣ ማለትም ሰው ሳይሆን ክልል፣ እየጠበቀ ወይም ሦስተኛ ተጠባባቂ ሆኖ ከመጣ፣ ወንድምህ ልክ ነው። ሰው በሰው እንዲይዝ፣ ያውም የባላጋራን ፈጣን ተቀባይ እንዲይዝ ከሆነ ግን ቆሮሶው ያንተ ነው። የቅድመ ውድድሩን ቪዲዮ ሲልክልህ፣ ኳስ ወደ እሱ ያልመጣችበትንም ይላክልህ፤ ዳሌው የሚታየው እዚያ ነው። ወንድምህ ለዕረፍት ሲመጣ ደግሞ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ያለው ዓሣ ገበያ፣ በጠዋት ሂዱ። ከሰዓት ከሄዳችሁ ያደረ ዓሣ ላይ ነው የምትከራከሩት።